የፈረሰው አጥራችን አሸዋ ይሆነናል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የብሎኬት አጥራችንን አፍርሰን እንደገና ልንገነባ ነው። ግቢው በስብርባሪ ተሞልቷል፤ አንድ ሲኖትራክ አሸዋ ማስመጣት ደግሞ ከአቅማችን በላይ ሆነብን። ባለቤቴ «ፈጭተን፣ ነፍተን፣ ለግንቡም ለልስኑም እናውለው» ይላል። ያዋጣል? (አንዲት አንባቢ፣ ከቡራዩ)

መልስ፦ ልጄ፣ ለግንቡ ይሆናል። ለውጭ ልስን ግን እኔ አልደፍረውም።

መጀመሪያ ክምሩ ውስጥ ምን እንዳለ ለዩ። ብሎኬትና አሮጌ የሲሚንቶ ልስን ብቻ ከሆነ እሰየው። ጀሶ ካለበት ግን እየለቀማችሁ አውጡ። ጀሶ ከሲሚንቶ ጋር ተቦክቶ እርጥበት ሲያገኘው ቀስ እያለ ያብጣል። ከ12 ዓመት በፊት ኮተቤ አንድ ሳሎን ስንለስን፣ ከፈረሰ ክፍል የወጣ ስብርባሪ ፈጭተን ቀላቀልን። የክፍሉ ኮርኒስ ጀሶ እንደነበር አልጠየቅሁም። ልስኑ ሲደርቅ ያምር ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ስመለስ ከመስኮቱ ሥር መዳፍ መዳፍ እያከለ ተነፍቷል፤ በጣቴ ነካ ሳደርገው እንደ ቅርፊት ወረደ። የቤቱ እመቤት አንድም ቃል ሳይናገሩኝ መጥረጊያ አንስተው ፍርፋሪውን ጠረጉ። በራሴ ወጪ ደግሜ ለሰንኩላቸው፤ ያ ዝምታቸው ግን እስከ ዛሬ ያመኛል።

የጭቃ ግድግዳ አፈርና ጭድም እንዳይቀላቀል። የድሮ ኢተርኒት ጣሪያ ስባሪ ካያችሁ ጭራሽ እንዳትፈጩት፤ አስቤስቶሱ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ለካንሰር ይዳርጋል። ሌላውንም ቢሆን ስትፈጩ ውሃ አርከፍክፉበት፣ አፍና አፍንጫችሁንም ሸፍኑ።

ዋናው ችግር ጥማቱ ነው። የኛ አገር ብሎኬት ብዙው በፑሚስ የሚሠራ ነው፤ ፑሚስ ደግሞ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ድንጋይ ነው። ተፈጭቶም ውሃ መምጠጡን አይተውም። ሞርታሩ፣ ማለት የሲሚንቶና የአሸዋው ቡኮ፣ ቶሎ ይደርቅና ግንበኛው «ውሃ ጨምር!» ይላል፤ ውሃ በተጨመረ ቁጥር ደግሞ ጥንካሬው ይወርዳል። ስለዚህ የተነፋውን ማታውኑ አርሱና በሸራ ሸፍናችሁ አሳድሩት። ጠዋት እፍኝ ጨብጠሽ ስትለቂው ሳይበተን ከቆመ፣ ውሃም ካላንጠባጠበ፣ ደርሷል።

ወንፊቱ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ዱቄቱም እንዳይበዛ በሃይላንድ ፈትሹት፦ እስከ ግማሽ ሙሉት፣ ውሃና ቁንጥር ጨው ጨምሩ፣ በደንብ ነቅንቃችሁ 3 ሰዓት አቁሙት። ከሥር የረጋው አሸዋ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከላዩ የተኛው ደቃቅ ከ6 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። በአገራችን ደረጃ ለአሸዋ የሚፈቀደው 6 በመቶ ነው፤ እኔ ለዚህም ከዚያ አላልፍም። ከበለጠ እጠቡት።

ለግንቡ 1 ሳጥን ሲሚንቶ ለ4 ሳጥን አሸዋ ነው። ከአራቱ አንዱ ብቻ ከተፈጨው ይሁን፤ ሦስቱን ከምትገዙት አሸዋ አድርጉ። ሙሉ ሲኖትራክ ካልቻላችሁ ከጎረቤት ጋር ተካፈሉ። ለአጥሩ ኮለን ኮንክሪት ግን ከተፈጨው አንድ አካፋም እንዳይገባ፤ እዚያ ላይ አልደራደርም። የተረፋችሁን ስብርባሪ ሳትፈጩ ለግቢው ወለል ሙሌት አውሉት።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ብሎኬት አያይዙና ጠዋት ማታ ውሃ እያጠጣችሁ አንድ ሳምንት አቆዩት። ከዚያ ማያያዣውን በምስማር ጫሪው። እንደ ዱቄት ከረገፈ ግንበኛ አትጥሩ፤ መልሰሽ ጻፊልኝ።