ሁሉን ካየ ለምን ይጠይቀናል? (ጥያቄና መልስ)

ደብረ ዘይትና ገብር ኄር ተከታታይ እሑዶች ስለሆኑ ይመስለኛል፣ በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ በየዓመቱ ተመሳሳይ ጥያቄ ይበዛብኛል። በአንዱ እሑድ ጌታ ለፍርድ እንደሚመጣ እንሰማለን። በሚቀጥለው ደግሞ መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ ሲጠየቅ እንሰማለን። ከዚያ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ይይዘኛል፦ «ቆይ፣ አስቀድሞ የሚያውቅ ከሆነ ምኑን ይጠይቀናል?» እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ፣ አሁንም እዚያው የማስተምር ሰው ነኝ። የምመልሰውም በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ነው። የመጡልኝን ጥያቄዎች አሳጥሬ አስቀምጫለሁ።

ጥያቄ፦ እግዚአብሔር ነገ የማደርገውን ዛሬ ያውቃል። እሱ ያወቀው ደግሞ አይቀርም። ታዲያ ምን ምርጫ አለኝ?

አለህ። ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ታሪክ አለ፣ 1ኛ ሳሙኤል 23 ላይ። ዳዊት ቅዒላ የምትባል ከተማን ከፍልስጥኤማውያን አድኖ እዚያው ተቀምጧል። ሳኦል ሊይዘው እንዳሰበ ሲሰማ እግዚአብሔርን ጠየቀ። ሳኦል ወደዚህ ይወርዳል? ይወርዳል። የከተማው ሰዎች አሳልፈው ይሰጡኛል? አዎ፣ ይሰጡሃል። ዳዊት ይህን ሰምቶ 600 ያህል ሰዎቹን ይዞ ወጣ። ሳኦልም ሳይመጣ ቀረ፣ አሳልፎ የሰጠም ሰው የለም።

እግዚአብሔር ያወቀው እውነት ነበር፤ ዳዊት እዚያ ቢቆይ ኖሮ ያ ሁሉ ይደርስበት ነበር። ግን ማወቁ የዳዊትን እግር አላሰረውም፣ እንዲያውም እንዲያመልጥ ረዳው። እግዚአብሔር የሄድክበትን መንገድ ብቻ ሳይሆን ያልሄድክበትንም ያውቃል። አንተ ነገ ሌላ ነገር የምትመርጥ ቢሆን ኖሮ እሱም ያንን ሌላውን ያውቅ ነበር። ምርጫህ ስላለ ነው የሚያውቀው፤ እሱ ስላወቀው አይደለም አንተ የምትመርጠው።

መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 15ን አንብበው። «ያሳተኝ እሱ ነው» እንዳንል ይከለክለናል። እሳትና ውኃ በፊትህ ናቸው፣ ወደ ወደድከው እጅህን ትዘረጋለህ ይላል። ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ እግዚአብሔር የሰውን ሥራ ሁሉ እንደሚያውቅ፣ ግን ማንንም ክፉ እንዲሠራ እንዳላዘዘ ይናገራል። ሁለቱ ነገሮች እኛን ያጣሉናል እንጂ ሲራክ እዚያው ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል።

ጥያቄ፦ ይሁዳስ? ትንቢቱ እንዲፈጸም የግድ አንድ ሰው መክዳት ነበረበት። ዕጣው እሱ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ይህን ጥያቄ እኔም በወጣትነቴ ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። መልስ ያገኘሁት ይሁዳን ከጴጥሮስ ጎን ሳስቀምጠው ነው።

በዚያች በአንዲት ሌሊት ጌታ ስለ ሁለት ሰዎች አስቀድሞ ተናገረ። አንዱ አሳልፎ ይሰጠኛል አለ። ሌላው ደግሞ ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ ይክደኛል አለ። ሁለቱም ሆነ። አስቀድሞ መታወቁ ሰውን የሚያስገድድ ቢሆን ኖሮ ጴጥሮስም ተገዷል ማለት ነው፣ እንግዲያው ለምን መራራ ልቅሶ አለቀሰ? የተገደደ ሰው ይናደዳል እንጂ እንደዚያ አያለቅስም። የራሱ ጥፋት መሆኑን ስላወቀ ነው ያለቀሰው።

ይሁዳ ምን ያህል ዕድል እንደተሰጠው ደግሞ ተመልከቱ። ጌታ እግሩን አጥቦታል። እያወቀ አጠበው። በማዕድ ላይ «ያ ሰው ባልተወለደ ይሻለው ነበር» ብሎ አስጠንቅቆታል። ይህን የሰማ ሰው ከዚያ ማዕድ ተነሥቶ እግሩ ላይ መውደቅ ይችል ነበር። ይህም ቀርቶ በኋላ እንኳ ተጸጽቶ 30ውን ብር መልሷል። ግን የመለሰው ለካህናት አለቆች ነው፤ ወደ ጌታ አልተመለሰም። ጴጥሮስን ግን ሉቃስ እንደጻፈው ጌታ ዘወር ብሎ ተመለከተው። ስለዚያ ዓይን ሳስብ ልቤ ይቀልጣል። ክህደቱን አስቀድሞ ያየውም፣ ግቢው ውስጥ ቆሞ የፈለገውም ያው ዓይን ነው።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ውስጥ ጠጥቶ የሚነዳ ሹፌር አንድ ልጅ ገጭቶ ገደለ። በለቅሶው ቤት ሁሉም «ቀኑ ደርሶ ነው» ይላል። እውነት ነው?

እናትን ለማጽናናት የተባለ ከሆነ ይገባኛል፣ በለቅሶ ቤት ክርክር አልከፍትም። ግን ሹፌሩ ይህን ይዞ እንዲተኛ አልፈልግም።

ኦሪት ዘዳግም 22 ቁጥር 8 ላይ አዲስ ቤት ስትሠራ በጣሪያው ዙሪያ መከታ አድርግ ይላል። ለምን? ሰው ወድቆ ደሙ በቤትህ ላይ እንዳይሆን። ማን እንደሚወድቅ፣ መቼ እንደሚወድቅ እግዚአብሔር ያውቃል። ቢሆንም መከታውን ሥራ ያለው ባለቤቱን ነው። ኦሪት ዘጸአት 21 ላይም እንዲሁ ነው፤ ተዋጊ በሬ ያለው ሰው ተነግሮት ሳያስረው በሬው ሰው ቢገድል ባለቤቱ ይጠየቃል። «የሟቹ ቀን ደርሶ ነው» የሚል መከላከያ የለውም።

መጠጡን የቀዳው፣ ቁልፉን ያነሣው፣ ነዳጁን የረገጠው እሱ ነው። ንስሐ የሚጀምረውም «እኔ ገደልኩ» ብሎ በአፉ ሲናገር ነው። ሕንፃ ሲሠራ ለሠራተኛው መወጣጫውን በደንብ ሳያስር፣ የሚከላከልበት ነገር ሳይሰጥ ቀርቶ ሰው ሲወድቅ ዕድሉ ነው ለሚለውም መልሴ ያው ነው።

ጥያቄ፦ የፈርዖንን ልብ ያጸናው እግዚአብሔር ራሱ ነው ይላል። ታዲያ ፈርዖን ምን አጠፋ?

በቅደም ተከተል አንብበው። በመጀመሪያዎቹ መቅሠፍቶች ጊዜ ልቡን ያደነደነው ፈርዖን ራሱ እንደሆነ ተጽፏል። ጓጉንቸሩ ሲወገድለት፣ ዝንቡ ሲወገድለት እያየ አደነደነ። በመቅሠፍቶቹ ታሪክ ውስጥ «እግዚአብሔር የፈርዖንን ልብ አጸና» የሚለው በቀጥታ የሚመጣው ከስድስተኛው መቅሠፍት በኋላ ነው። የጥንት መምህራን ይህን በፀሐይ ይመስሉታል፤ ሰምን ታቀልጣለች፣ ጭቃን ታደርቃለች። ፀሐይዋ አንድ ናት።

ጥያቄ፦ ካወቀ ለምን ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ እናገራለሁ? እዚያው ቤቴ ሆኜ ያውቀዋል።

አዳምን «ወዴት ነህ?» ሲለው ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳለ ጠፍቶት ነበር? ቃየንን «ወንድምህ አቤል ወዴት ነው?» ሲለው የፈሰሰውን ደም ሳያይ ቀርቶ ነበር? የመጻጉዕን ወንጌል ደግሞ አስተውይ፣ ዮሐንስ 5። ሰውየው 38 ዓመት ታሟል። ወንጌሉ ጌታ ብዙ ዘመን እንደዚያ እንደቆየ «አውቆ» ጠየቀው ይላል፦ ልትድን ትወዳለህን?

አውቆ መጠየቅ ማለት ይህ ነው። መረጃ አልጎደለውም። የጎደለው የእኛ ቃል ነው። አዳም በተሰጠው ዕድል «ይህች የሰጠኸኝ ሴት» አለ፣ ጥፋቱን በሚስቱም በፈጣሪውም ላይ አደረገ። ቃየን «የወንድሜ ጠባቂ ነኝን?» አለ። መጻጉዕ ግን ያለውን ችግር ሳይደብቅ ተናገረ፣ አልጋውንም ተሸክሞ ሄደ። አንቺም ንስሐ አባትሽ ፊት ስትቀመጪ ለእግዚአብሔር አዲስ ወሬ አትነግሪውም። ከዛፉ ሥር እየወጣሽ ነው። አፍሮ መናገርን የመሰለ መድኃኒት እኔ አላየሁም፣ ይህን የምለው ሦስት ዓመት ሸሽቼ በመጨረሻ የሄድኩበትን ቀን ስለማስታውስ ነው።

ጥያቄ፦ «እግዚአብሔር ተጸጸተ» የሚል ቃል አለ። ቀድሞ የሚያውቅ እንዴት ይጸጸታል?

1ኛ ሳሙኤል 15ን ክፈት። ቁጥር 11 ላይ ሳኦልን በማንገሡ እንደተጸጸተ ይናገራል። ቁጥር 29 ላይ ደግሞ ይጸጸት ዘንድ ሰው አይደለም ይላል። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ! ጸሐፊው አልተምታታበትም። የመጀመሪያው የእግዚአብሔርን ኀዘን በእኛ ቋንቋ ይነግረናል፣ ሁለተኛው እንዳንሳሳት ይጠብቀናል።

ጥያቄ፦ ጴንጤ ጓደኛዬ እግዚአብሔር የሚድኑትን አስቀድሞ መርጧል፣ የሰው ፈቃድ ቦታ የለውም ይለኛል። ሁሉም ፕሮቴስታንት እንዲህ ያምናል?

አያምንም። ጓደኛህ የሚከተለው በ16ኛው መቶ ዘመን ጄኔቫ ላይ ያስተማረው የካልቪን መንገድ ይመስላል። ሆላንድ ውስጥ አርሚኒየስ የተባለ መምህር ተከታዮች ይህን ተቃውመው ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1618 እና 1619 በዶርት የተደረገው ጉባኤ በአርሚኒየስ ተከታዮች ላይ ፈረደ። እስከ ዛሬም ፕሮቴስታንቶች እርስ በርስ በዚህ ይለያያሉ። እኛ ሮሜ 8 ላይ «አስቀድሞ ያወቃቸው» የሚለው ቃል «ወስኖአል» ከሚለው መቅደሙን እንይዛለን። ከጓደኛህ ጋር ግን አትጣላ። ቡና እየጠጣችሁ ተነጋገሩ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሲያጠፋ «እግዜር ያይሃል!» እለዋለሁ። አሁን ማታ ብቻውን መተኛት ፈራ። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ እኔም እንደዚያ ተብዬ ነው ያደግሁት። ቃሉ ውሸት የለበትም። ግን ልጁ ሲያጠፋ ብቻ ከሰማው፣ እግዚአብሔር በር ጀርባ ቆሞ አለንጋ የያዘ ይመስለዋል። ዳቦውን ለጓደኛው ሲያካፍል «እግዜር አየህ» በዪው። ሲታመምም፣ ትምህርት ቤት ተሰድቦ ሲመጣም እንዲሁ በዪው። መዝሙር 138ን (በአንዳንድ እትም 139) ማታ ማታ አንብቢለት። ጨለማ በአንተ ዘንድ አይጨልምም የሚለውን እንደ ጸሎት ይያዘው። ጨለማ ለሚፈራ ልጅ ከዚህ የተሻለ ቃል የለም።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤቴ ገንዘብ ጠፍቶ በእኔ ላይ መሰከሩ። ከሥራ ወጣሁ። የመሰከሩት ሁለቱም ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ። እግዚአብሔር አላየም?

ወንድሜ፣ በጣም አዝናለሁ። መጽሐፈ ሶስናን አንብበህ ታውቃለህ? ሁለት ሽማግሌዎች፣ ያውም ዳኞች፣ በሐሰት መሰከሩባት። ሕዝቡ አመናቸው። ሞት ተፈረደባት። ወደ ሞት ስትወሰድ የተሰወረውን የምታውቅ፣ ሁሉንም ከመሆኑ በፊት የምታውቅ አምላክ ብላ ጮኸች። ያን ጊዜ ዳንኤል ተነሣ። ሁለቱን ለያይቶ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ጠየቃቸው። የተለያየ ዛፍ ጠሩ።

እዚህ ላይ የምወደው ነገር አለ። የእግዚአብሔር ማወቅ የወረደው በጥሩ ምርመራ በኩል ነው። ስለዚህ አንተም ይግባኝህን አትተው። ሰነድህን ሰብስብ፣ ጠበቃ አማክር፣ ምስክር ፈልግ። «እሱ ያውቃል» ብሎ እጅን ማጣጠፍ የሶስና መንገድ አይደለም፤ እሷ ጮኻለች።

ጥያቄ፦ አያቴ ባደረገው ነገር እኔ እጠየቃለሁ? የዘር መርገም አለብህ ብለውኛል።

ሕዝቅኤል 18ን ሙሉውን አንብብ። ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም። የአባት ስካር የልጅን ቤት ያፈርሳል፣ መዘዙ ይደርሳል፤ በደሉ ግን አይቆጠርብህም። ይህን ነግሮ ገንዘብ የጠየቀህ ሰው ካለ አትስጠው።

ጥያቄ፦ ዓረብ አገር ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ማዳሟ ትመታኛለች፣ የአምስት ወር ደሞዜን ከልክላኛለች። በሌሊት አለቅሳለሁ። ያየኛል ትላላችሁ፣ ለምን ዝም ይላል?

ይህን ጥያቄ ሦስት ቀን ይዤው ቆየሁ። ለምን ዝም እንዳለ አላውቅም፣ አውቃለሁ ብዬም አላታልልሽም።

አንድ ሴት ግን ላሳይሽ። አጋር። ግብፃዊት ናት፣ በሰው አገር የሰው ቤት ትሠራለች፣ እመቤቷ አስጨነቀቻትና ወደ ምድረ በዳ ሸሸች። የእግዚአብሔር መልአክ በውኃ ምንጭ አጠገብ አገኛት። በስሟ ጠራት። ከወዴት መጣሽ፣ ወዴትስ ትሄጃለሽ አላት። እሷም ለእግዚአብሔር ስም አወጣችለት፣ ኤልሮኢ፣ የሚያየኝ አምላክ። በመጽሐፍ ቅዱስ ለእግዚአብሔር ስም ስታወጣ የምናነበው የመጀመሪያዋ ሰው አብርሃም ወይም ሙሴ አይደሉም፤ ይህች የቤት ሠራተኛ ናት።

መልአኩ ያን ጊዜ ተመለሺ ማለቱን አንስተው «እግዚአብሔር ታገሺ ብሏል» የሚሉሽ ይኖራሉ። አትስሚያቸው። ያ ለአጋር በዚያ ቀን የተባለ ነው፤ ማንም እየተመታ እንዲቀመጥ የተሰጠ ሕግ አይደለም። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የተቀማ የሠራተኛ ደሞዝ ይጮኻል፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ ገብቷል ይላል። ማዳምሽ በዚህ ትጠየቃለች። አንቺ ግን እስከዚያ ዝም ብለሽ አትጠብቂ። ያልተከፈለሽን ወር በቀንና በመጠን ጻፊ፣ የተመታሽበትን ፎቶ አንሺ፣ ለምታምኛት አንዲት አገርሽ ልጅ ያለሽበትን አድራሻ ላኪላት። ክርስትና ስምሽን ጻፊልኝ፣ በጸሎት አስብሻለሁ።