ለጀማሪዋ አስማተኛ የእሳት በትር ሰጥቼ ተቸገርኩ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አምስት ሆነን እኛ ቤት ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕሪ ይዞ ዳይስ እየጣለ ታሪክ የሚሠራበትን ጨዋታ) እንጫወታለን፤ ጨዋታውን የምመራው እኔ ነኝ። ሁሉም ገና ሌቭል 1፣ ማለትም የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ናቸው። ታናሽ እህቴ በጨዋታው አስማተኛ ናት። በቀን ሁለት ዋና አስማት ብቻ ስላላት ቶሎ ይደብራት ነበር፤ አሳዘነችኝና የእሳት ኳስ የሚወረውር በትር እንድታገኝ አደረግኩ። ከዚያ ወዲህ ውጊያው ሁሉ በአንድ ውርወራ ያልቃል። ባለሰይፉ ጓደኛዬ «ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው የምመጣው?» አለኝ። በትሩን በሌባ ላሰርቀው?

መልስ፦ አታሰርቀው ወንድሜ። እኔ አድርጌዋለሁ። ለአንድ ጀማሪ የሰጠሁትን ቀለበት በሳምንቱ ተኝቶ ሳለ አሰረቅኩበት። ልጁ ምንም አላለኝም፤ ግን ከዚያ በኋላ ያገኘውን ዕቃ ሁሉ አይቶት ያልፍ ጀመር፣ ምክንያቱም የወሰደበት ሌባው ሳይሆን እኔ እንደሆንኩ ገብቶታል።

ለእህትህ ማዘንህ ጥፋት አይደለም። ጀማሪ ሰው አንድ ትልቅ ነገር በእጁ ሲይዝ ዓይኑ እንዴት እንደሚበራ አይቻለሁ፣ እኔ ይህን ጨዋታ የምወደውም ለዚያ ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የጨዋታው ደንብ አስማተኛ የእሳት ኳስን የሚያገኘው ሌቭል 5 ሲደርስ ነው። ጉዳቱ ባለ 6 ፊት ዳይስ 8 ጊዜ ተጥሎ ይደመራል፣ በአማካይ 28 ይመጣል። ተራ ጎብሊን (ጀማሪዎች የሚገጥሙት ትንሽ ጭራቅ) ደግሞ ያለው የሕይወት ነጥብ 7 ነው። የጉዳቱን ግማሽ ቢያመልጥ እንኳ አይተርፍም። ይህም ሆኖ እሳቱ ብቻውን ጨዋታ አያበላሽም፤ የሚያበላሸው በየቀኑ መመለሱ ነው። በትሩ 7 ውርወራ ይይዛል፣ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ከ2 እስከ 7 ይሞላል። እህትህ ለምን ትቆጥበው?

ስለዚህ መሙላቱን አስቀርና 3 ውርወራ ብቻ ተወው። ያኔ እያንዳንዱ ውርወራ ያስጨንቃል፤ «አሁን ነው ወይስ ለበኋላ?» ብለው አራቱም ተጫዋቾች ይከራከራሉ፣ ባለሰይፉም በክርክሩ ውስጥ አለበት።

በትሩ የማይሞላበትን ምክንያት ከራሳችን ባህል መውሰድ ትችላለህ። «አስማት» በግዕዝ «ስሞች» ማለት ነው። በትሩ ላይ ሦስት ስሞች ተጽፈዋል በል፣ አንዱ ሲጠራ ይጠፋል። የድሮ ደብተራ ክታቡን በባለቤቱ ቁመት ልክ ይጽፍ እንደነበርም ታውቅ ይሆናል፤ የእህትህም በትር ለእሷ ብቻ የተለካ ይሁን። የስሞቹን ሌላ ቅጂ የያዘ ሰው ደግሞ የሆነ ገዳም አጠገብ ይኖራል፤ ይኸው የሚቀጥለው ወር ጉዞ።

ስለ ባለሰይፉ፦ ለእሱም የሚስተካከል ሰይፍ ልስጠው እንዳትል፣ ማቆሚያ የለውም። ቦታውን ቀይርለት። የእሳት ኳስ ከመሃሉ ወደ ዙሪያው 6 ሜትር ያህል ይሸፍናል፣ ወዳጅና ጠላትም አይለይም። ያን ያህል እሳት የኮንዶሚኒየም ሳሎንህን ከነመኝታ ቤቱ ይውጣል። ውጊያውን ጠባብ ዋሻ ውስጥ አድርገው፣ ወይም ታፍነው የተያዙ ሰዎች መሃል፣ ወይም ከሰፈራችሁ ወጣ ብላችሁ እንደምታዩት ዓይነት የደረሰ ጤፍ ማሳ ላይ። ያንን ማሳ ያቃጠለ ጀግና ለገበሬው ምን ይላል? እዚያ ጋ ሰይፉ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ግን በድብቅ አታድርግ። ቅዳሜ ዳይስ ከመውጣቱ በፊት፣ ቡናው እየተፈላ፣ «በትሩን ስሰጥ አላሰብኩበትም፣ እንዲህ ላስተካክለው ነው» በላቸው። እህትህን ደግሞ ቀድመህ ለብቻዋ አናግራት፤ ሰው ፊት ከሰማችው የተቀማች ይመስላታል። ሦስተኛውን ስም ምን ላይ እንደምታውለው እሷ ትምረጥ። ሌቭል 5 ስትደርስ ያንኑ እሳት በራሷ እጅ እንደምትወረውረውም ንገራት።