ኤሌክትሮኒክስ ወደ አውሮፓ ለሚልክ ድርጅት መሥራት፦ ከኮምቦልቻ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ የሙያ ምክር

ውድ እህታችን፣

በወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኬሚካል ምህንድስና ተመራቂ መሆንሽን፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ የእጅ መብራቶችን ገጣጥሞ ወደ አውሮፓ ለመላክ ያሰበ አንድ ድርጅት የአደገኛ ንጥረ ነገሮችንና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን ደንቦች የሚከታተል ባለሙያ እንደሚፈልግ፣ አንቺ ግን «ይህ የሕግ ተመራቂ ሥራ ነው» ብለሽ ለማመልከት ማመንታትሽን ጽፈሽልናል። ደሴ ላይ አሮጌ ስልክና ኮምፒውተር የሚሰበስበው ወንድምሽ ቦርዶቹን ወደ ውጭ መሸጥ ይችል እንደሆነም ጠይቀሻል።

አመልክቺ። ደንቡን ማንበብ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው፤ ከባዱ በአንድ ዕቃ ውስጥ የትኛው ቁስ ምን ሊይዝ እንደሚችል ማወቅና ያንንም በማስረጃ ማሳየት ሲሆን፣ ለዚህ ደግሞ የተማርሽው ትምህርት ያበቃሻል። ሮኤችኤስ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ቁጥር 2011/65 እርሳስን፣ ሜርኩሪን፣ ካድሚየምን፣ ባለስድስት ቫለንስ ክሮሚየምን (መርዛማውን የክሮሚየም ዓይነት)፣ እሳት እንዲከላከሉ ፕላስቲክ ውስጥ የሚጨመሩ ሁለት የብሮሚን ውህዶች ምድቦችንና ፕላስቲክን የሚያለሰልሱ አራት የፋታሌት ዓይነቶችን ይገድባል። የካድሚየም ጣሪያ 0.01 በመቶ፣ የሌሎቹ 0.1 በመቶ ነው። በቀላሉ የሚሳተው ነገር ግን መቶኛው የሚሰላው ከመብራቱ ጠቅላላ ክብደት አለመሆኑ ነው፤ የሚሰላው በመፍታት፣ በመቁረጥ ወይም በመፋቅ ከዚያ በላይ ሊለያይ ከማይችለው ከእያንዳንዱ ወጥ ቁስ ክብደት ነው።

ስለዚህ ከቃለ መጠይቁ በፊት ደሴ ፒያሳ ካሉት የጥገና ቤቶች የተበላሸ መብራት ገዝተሽ ፍቺው። የገመዱን ሽፋን ከመዳቡ ለዪው፤ ለስላሳ ፒቪሲ ከሆነ የመጀመሪያው ጥያቄ ፋታሌት ነው። ብሎኑ ላይ ቢጫ ልባጥ ካየሽ ባለስድስት ቫለንስ ክሮሚየምን ጠርጥሪ። ቦርዱ 63 በመቶ ቲንና 37 በመቶ እርሳስ ባለው ሽቦ ተበይዶ ከሆነ፣ ነጠብጣቧ ከጤፍ ፍሬ ብታንስ እንኳ የገደቡን 370 እጥፍ እርሳስ ትይዛለች፤ በእሷም ምክንያት መላው መብራት ይወድቃል። ከእርሳስ ነፃ የሆነው የተለመደው ሽቦ የሚቀልጠው በ183 ሳይሆን በ217 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ የብየዳው ሙቀት መስተካከል አለበት፣ መበየጃውም ለሁለቱ ሽቦዎች በጋራ ሊያገለግል አይገባም። የእያንዳንዱን ክፍል ቁስ፣ አቅራቢና ማስረጃ በሠንጠረዥ አስፍረሽ ቃለ መጠይቁ ላይ ብታቀርቢ፣ ሥራውን እንደምትችይ ከማንኛውም የምስክር ወረቀት በላይ ያሳይልሻል።

በሥራ ላይ ስትሆኚ አብዛኛው ጊዜሽ የሚያልፈው የአቅራቢዎችን ወረቀት በመመርመር ነው። የላብራቶሪ ሪፖርቱ የምትገዙትን ክፍል መለያ ቁጥር ይጠቅሳል ወይስ ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ክፍል ነው የተመረመረው? ስድስት ንጥረ ነገሮችን ብቻ ከዘረዘረ አይበቃም፤ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 22 ቀን 2019 ጀምሮ አራቱ ፋታሌቶች ለእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ግዴታ ሆነዋል። በኤክስሬይ የሚሠራው የእጅ መመርመሪያ መሣሪያ ብሮሚንና ክሮሚየም መኖራቸውን ይናገራል እንጂ የትኛው የብሮሚን ውህድ፣ የትኛው የክሮሚየም ዓይነት እንደሆነ አይለይም፣ ፋታሌትንም አያይም፤ ለእነዚህ የላብራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል። አምራቹ የተስማሚነት መግለጫ ፈርሞ ዕቃው የአውሮፓን ደንቦች ማሟላቱን የሚገልጸውን የሲኢ (CE) ምልክት ከለጠፈ በኋላ የማስረጃውን ማኅደር ለ10 ዓመት ማቆየት አለበት። ባትሪው የሚመራው በራሱ ደንብ፣ በቁጥር 2023/1542 ስለሆነ ለብቻው አጥኚው። የቆሻሻው መመሪያ፣ ቁጥር 2012/19፣ ዕቃው ላይ የተሰረዘ የቆሻሻ መጣያ ምስል እንዲኖር ያዛል፤ በየአገሩ የመመዝገቡንና የማሰባሰቡን ወጪ የመሸፈኑን ግዴታ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው አስመጪው ነው፣ ይህም በውሉ ላይ በግልጽ ይስፈር።

ኮምቦልቻ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የሚልኩ ድርጅቶች ብዙ አይደሉም፤ ይህን ሳልነግርሽ ባልፍ ተገቢ አይሆንም። ይህ ሥራ ባይሳካ ግን ያው ችሎታ ለጨርቃ ጨርቅና ለቆዳ ይሠራል። ሪች የሚባለው የአውሮፓ ደንብ «አዞ» (azo) ከሚባሉት የኬሚካል ማቅለሚያዎች ከተወሰኑት የሚወጡ ጎጂ አሚኖችን በኪሎ 30 ሚሊግራም፣ ከሰውነት ጋር በሚነካካ ቆዳ ውስጥ ያለውን ባለስድስት ቫለንስ ክሮሚየም ደግሞ በኪሎ 3 ሚሊግራም ይገድባል፤ የአሠራሩ መንገድም ተመሳሳይ ነው።

የወንድምሽ ጉዳይ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የአደገኛ ቆሻሻን ከአገር ወደ አገር መዘዋወር በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የባዝል ስምምነት መሠረት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ፣ አደገኛ የተባለውም ያልተባለውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር የሚያልፈው ተቀባዩም ሆነ መተላለፊያ የሆነው አገር አስቀድመው ፈቃዳቸውን ሲሰጡ ነው፤ ዕቃው በጅቡቲ የሚወጣ ከሆነ ጅቡቲም ትጠየቃለች። በአገር ውስጥ የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010ና የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ደንብ ቁጥር 425/2010 አሉ። መዳብ ለማውጣት ገመድ ማቃጠሉን፣ ካለ፣ ዛሬውኑ ያቁም፤ ጭሱ ራሱንና ጎረቤቱን ይመርዛል። ከውጭ ገዢ ጋር ከመዋዋሉና ቀብድ ከመቀበሉም በፊት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን በጽሑፍ ይጠይቅ። እስከዚያው ቦርዶቹን ሳይሰብርና ሳያቀልጥ፣ ባትሪዎቹን ለይቶ፣ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ ያስቀምጣቸው።