«ይሄ እንጀራ አይሆንም» ላሏት ተማሪ

ጥያቄው የመጣው ደብረ ብርሃን ከምትማር የሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነው። ላፕቶፗ ላይ ያለው ሊኑክስ ነው። ደብረ ሲና ሱቅ ላለው አጎቷ የሂሳብ ፕሮግራም ልትከፍትለት ስትሞክር የዊንዶውስ ስለሆነ እምቢ አላት። የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ የሚያስነሳውን ዋይን የተባለ ሶፍትዌር ስትጭን ተነሳ። ከዚያ ወዲህ «ማሽኑ ፋይሉ የማን እንደሆነ በምን አወቀ?» እያለች እንቅልፍ አጥታለች። ጓደኞቿ ደግሞ «ይሄ እንጀራ አይሆንም፣ ዌብሳይት መሥራት ተማሪ» ይሏታል። የማንን ልስማ ነው የምትለው።

እህቴ፣ ጓደኞችሽ በግማሽ ልክ ናቸው። የመጀመሪያ ደሞዝሽ ከዌብ ሥራ ሊመጣ ይችላል፤ ተማሪው። ጥያቄሽን ግን አትጣይው። ለምን እንደሆነ ከመልሱ ልጀምር።

የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) የፋይሉን ስም አይቶ አይፈርድም። የሚያየው የመጀመሪያዎቹን ባይቶች ነው። የሊኑክስ ፕሮግራም ቁጥሩ 127 በሆነ ባይት ይጀምርና «ኢ፣ ኤል፣ ኤፍ» የሚሉት ፊደላት ይከተላሉ። በ#! ከጀመረ ስክሪፕት ነው። የዊንዶውሱ በ«ኤም፣ ዜድ» ይጀምራል፤ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ የነበረው የማርክ ዝቢኮውስኪ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው፣ ከዊንዶውስ በፊት ከነበረው ከዶስ ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ አሉ። (ስም ማስቀረት ማለት ይሄ ነው!) ከርነሉ ይህን ፋይል በራሱ ማስነሳት አይችልም። ግን «ቢንኤፍኤምቲ ሚስክ» የሚባል ክፍል አለው። «በነዚህ ባይቶች የሚጀምር ሲመጣ ለዋይን ስጠው» ተብሎ እዚያ ይመዘገባል።

ዋይን እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረ ነው። ፕሮሰሰር አስመስሎ አይሠራም። ፕሮግራሙ ዊንዶውስን የሚጠይቀውን ሁሉ ተቀብሎ ሊኑክስ በሚገባው መንገድ ያስፈጽምለታል። ፕሮሰሰሩ ራሱ ሌላ ከሆነ ግን ይሄ አይበቃም፤ እንደ ኪውኤሙ ያለ፣ እያንዳንዱን የማሽን ትዕዛዝ የሚተረጉም ፕሮግራም ያስፈልጋል።

አሁን ወደ እንጀራው። አንድ ዌብ ሠሪ በአዲሱ የአፕል ላፕቶፕ ኮንቴይነር (ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር የያዘ ጥቅል) ይገነባል። የላፕቶፑ ፕሮሰሰር ኤአርኤም የሚባለው ዓይነት ነው፣ የሰርቨሩ ኢንቴል። ሰርቨሩ ላይ ሲጭነው «ኤግዜክ ፎርማት ኤረር» ብሎ እምቢ ይለዋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ኮዱን ሲያገላብጥ ይውላል፤ ኮዱ ግን ምንም አልሆነም፤ ኮንቴይነሩ የተገነባው ለሌላ ፕሮሰሰር ነው። ችግሩን የምታውቀው እንዳንቺ ያለ ጥያቄ የጠየቀች ናት። ሰርቨር አስተዳደር፣ ዴቭኦፕስ (ሶፍትዌር ሰርቨር ላይ አውጥቶ ማስኬድ)፣ የሳይበር ደኅንነት የሚባሉት ሥራዎች በእንዲህ ያለ ነገር የተሞሉ ናቸው። ቫይረስ የሚመረምር ሰውም የሚጀምረው ከነዚሁ ባይቶች ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ሥሪ። ፋይል ተቀብሎ የየትኛው ሲስተም እንደሆነና ለየትኛው ፕሮሰሰር እንደተሠራ የሚናገር ትንሽ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጻፊ። በሊኑክሱ ፋይል ውስጥ ከ18 ባይት በኋላ የፕሮሰሰሩ ቁጥር አለ፦ 62 ከሆነ ባለ 64 ቢት ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ፣ 183 ከሆነ ባለ 64 ቢት ኤአርኤም። ጊትሃብ ላይ አስቀምጪውና ሲቪሽ ላይ ሊንኩን ጻፊ። ቃለ መጠይቅ ላይ «ሊኑክስ እችላለሁ» ከማለት ይህን ከፍቶ ማሳየት ይሻላል። ዌቡን ጎን ለጎን አስኪጂው።

ስለ አጎትሽ ደግሞ፦ ዋይን ላይ ተነሳ ማለት ሁሉም ነገር ይሠራል ማለት አይደለም። ደረሰኝ ማተሙን ሞክሪ፣ ዳታውንም በፍላሽ ገልብጪለት። ዋይን ከቫይረስ አይከላከልምና ፕሮግራሙን ከየት እንዳወረደው መጀመሪያ አጎትሽን ጠይቂው።