ለአምስት ሰው ቤተሰብ የመርከብ ካቢን፦ ቁጥሩን ሳታዪ ቀብድ አትክፈይ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከባለቤትሽ፣ ከ11 እና ከ4 ዓመት ልጆቻችሁ፣ እንዲሁም ከአማትሽ ጋር ጥር ላይ ከዱባይ በሚነሳ የክሩዝ (የሽርሽር) መርከብ ለ7 ሌሊት ልትሄዱ ነው። ኤጀንቱ መስኮት የሌላቸው ሁለት ካቢኖች (የመርከብ መኝታ ክፍሎች) በርካሽ አግኝቼልሻለሁ ብሎ ቀብድ ጠይቆሻል። "ልክፈል ወይስ በረንዳ ያለው እስኪገኝ ልጠብቅ?" ነው ያልሽው። እኛም እናቴንና ልጆቹን ይዘን በዚሁ መንገድ ሄደናል። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ወዳጅ ሲሄድ ካቢን የማየው እኔ ስለሆንኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

አትክፈይ። መስኮት ስለሌላቸው አይደለም። ካቢኖቹ መርከቡ ላይ የት እንደሚገኙ ስላልነገረሽ ነው።

ርካሽ ሆኖ የቀረበልሽ ዋጋ "ጋራንቲ" የሚባለው ይመስለኛል። አንቺ የምትገዢው የካቢኑን ዓይነት ብቻ ነው። የካቢኑን ቁጥር የመርከቡ ኩባንያ በኋላ፣ አንዳንዴ መነሻው ቀን ሲደርስ፣ የተረፈውን አይቶ ይሰጥሻል። ኤምኤስሲ በሚባለው የክሩዝ ኩባንያ መርከቦች "ቤላ" የሚባለው ዋጋ እንዲህ ነው፤ "ፋንታስቲካ" ላይ ስትደርሺ ግን ቦታ መምረጥ ትችያለሽ። ሁለት ወጣቶች ቢሆኑ ጋራንቲ ይግዙ እላለሁ። አዛውንትና ሕፃን ይዞ ግን ሁለቱ ካቢኖች አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ በተለያየ ፎቅ ሊወጡ ይችላሉ። ትልልቆቹ መርከቦች ርዝመታቸው ከ300 ሜትር በላይ ነው። ሌሊት የ4 ዓመት ልጅ አቅፎ ያንን ኮሪደር መመላለስ ዕረፍት አይባልም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራሽ የመርከቡን የየፎቁን ፕላን ማየት ነው። ኩባንያዎቹ ድረ ገጻቸው ላይ በነፃ ያስቀምጡታል። በስልክ ማየት ያደክማል፤ እኔ አራት ኪሎ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ በትልቁ ወረቀት፣ በቀለም አሳትሜ ነው ጠረጴዛ ላይ የዘረጋሁት። ሊፍቱን በቀይ፣ ቲያትሩን በሰማያዊ እስክሪብቶ አከበብኩ። እናቴም መነጽሯን አድርጋ "ምግብ ቤቱ የቱ ጋ ነው?" እያለች በጣቷ መንገዱን ተከተለች። መርከቡ ላይ ስንወጣ ከሁላችንም በላይ መንገድ የምታውቀው እሷ ነበረች።

ፕላኑ ላይ ካቢኑን ብቻ አትዪ። ከላዩና ከታቹ ያለውንም እዪ። ከላይም ከታችም ሌሎች ካቢኖች ካሉ ጸጥ ያለ ነው። የእኛ አንደኛው ካቢን የመዋኛ ገንዳው ካለበት ፎቅ ሥር ነበር። ገና ሳይነጋ ሠራተኞቹ ወለል ሲያጥቡና ወንበር ሲደረድሩ፣ እየተጎተተ የሚሄደው የብረት እግር ድምፅ በቀጥታ ጣሪያው ላይ ይሰማል። ኤጀንታችን ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልተነፈሰም። ከቲያትሩ፣ ከጭፈራ ቤቱ ወይም ከዋናው ወጥ ቤት ጋር የሚዋሰንም አይሆንም። መልሕቅ የሚጣለው ከፊት ስለሆነ፣ በታችኛው ፎቅ ከፊት ጫፍ ያለው ካቢን ደግሞ መርከቡ መልሕቅ በጣለ ቁጥር በሰንሰለቱ ድምፅ ይቀሰቅሳችኋል።

ማቅለሽለሽ የሚፈራ ሰው ካለ፣ መሐል አካባቢ ዝቅ ያለ ፎቅ ምረጪ። የአንበሳ አውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ጉድጓድ ስታልፊ የሚያነጥርሽን ታውቂዋለሽ፤ መርከብም ጫፍና ጫፉ እንደዚያው ነው። ፎቁ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ የጎን ውዝዋዜው ይጨምራል። የባሕረ ሰላጤው ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ገራም ነው፤ ግን በእነዚህ ወራት ሸማል የሚሉት የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሲነሳ ይናወጣል። የሚገርመው፣ ብዙ ሰው ውድ ስለሆነ ብቻ የላይኛውን ፎቅ የተሻለ አድርጎ ያስባል። ለእናንተ ቤተሰብ ዝቅ ያለው ይሻላል፤ ርካሽም ነው።

አሁን ማን የት ይተኛ? አምስት ሰው የሚይዝ ካቢን አንዳንድ መርከብ ላይ አለ፤ ግን መታጠቢያ ቤቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ወረፋ ነው። ሁለት ካቢን ማለትሽ ትክክል ነው። ዋጋው የሚሰላው በካቢን ሁለት ሰው ተብሎ ነው፤ ሦስተኛው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይቀንስለታል፣ ልጅ ሲሆን አንዳንዴ የወደብ ክፍያ ብቻ ነው የሚጠየቀው። ስለዚህ እናንተ ከትንሹ ልጅ ጋር፣ አማትሽ ከ11 ዓመቱ ልጅ ጋር ብትሆኑ ሒሳቡም ይስማማል። ብዙ ኩባንያዎች በእያንዳንዱ ካቢን ቢያንስ አንድ አዋቂ እንዲመዘገብ ስለሚፈልጉ ይህ አከፋፈል እሱንም ያሟላል።

የሚያገናኝ የውስጥ በር ያላቸው ካቢኖች ከተገኙ እሰየው። ግን ቁጥራቸው ጥቂት ነው፣ ቶሎ ያልቃሉ። ባይገኙ የምመክርሽ ይህንን ነው፦ አንድ በረንዳ ያለው፣ ከኮሪደሩ ማዶ ፊት ለፊቱ ደግሞ አንድ መስኮት የሌለው። ከሁለት በረንዳ በጣም ይረክሳል፤ በር ለበርም ትሆናላችሁ።

በረንዳውን ለአማትሽ ስጪያቸው። ይህንን ስል ብዙ ሰው ይገረማል፤ እኔ ግን በሙሉ ልቤ ነው የምለው። መስኮት የሌለው ካቢን መብራቱ ሲጠፋ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ንጋትና ማታ አይለይም። ለ4 ዓመት ልጅ እንቅልፍ ተስማሚ ነው፤ አንድ አዛውንት ግን ሌሊት ነቅተው የት እንዳሉ ግር ሊላቸው ይችላል። ከዚያም በላይ እናንተ ቀኑን ሙሉ ከልጆቹ ጋር ገንዳና ወደብ ስትሉ ትውላላችሁ። ካቢን ውስጥ ረጅም ሰዓት የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። እናቴ ማለዳ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ባሕሩ ላይ ፀሐይ ስትወጣ እያየች ጸሎቷን ታደርስ ነበር። የዚያ በረንዳ ዋጋ አንድ ጊዜም አልቆጨኝም። ትንሹ ልጅ ግን ያለ አዋቂ በረንዳው ላይ አይውጣ። አጥሩ ከፍ ያለ ነው፤ ወንበሩ ተጠግቶለት ሲወጣበት ነው ችግሩ። ካቢኑ እንደገባችሁ የበሩን መቆለፊያ እዩ፣ ወንበሮቹንም ከአጥሩ አርቁ።

ከመክፈልሽ በፊት አልጋዎቹን በስም አስጠሪ። "ለሦስት ሰው" ሲሉ ሦስተኛው ሶፋ አልጋ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ማታ ማታ ከጣሪያ ወርዶ በመሰላል የሚወጣበት ተደራራቢ አልጋ። ተደራራቢው ለ4 ዓመት ልጅ አይሆንም። ስለዚህ የእናንተ ካቢን ሶፋ አልጋ ያለው ይሁን። ለአማትሽ ሁለቱ አልጋዎች ተለያይተው እንዲነጠፉ አስቀድመሽ አስጽፊ፤ አለበለዚያ ተገጣጥመው እንደ አንድ ትልቅ አልጋ ሊጠብቋቸው ይችላሉ። የመታጠቢያ ቤቱን ደፍም ልብ በዪ፤ ብዙ መርከቦች ላይ ከወለሉ ከፍ ይላል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ሌሊት ሲነሱ የሚያደናቅፋቸው እሱ ነው። እኛ የመታጠቢያ ቤቱን መብራት እያበራን በሩን ገርበብ አድርገን ነበር የምንተኛው።

ሊፍት አጠገብ መሆን ለእሳቸው ጥሩ ነው፤ ሦስት አራት በር ራቅ ቢል ደግሞ ጫጫታው ይቀንሳል። ግን ደረጃውንም አይተሽ ምረጪ፤ በአደጋ ጊዜ ሊፍት መጠቀም አይፈቀድም። ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው የክሩዝ መርከብ እ.ኤ.አ. ጥር 2012 ጣሊያን ዳርቻ ላይ ተጋጭታ 32 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ የአደጋ ጊዜ ልምምድ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይም እንደተነሳ ወዲያው እንዲደረግ ዓለም አቀፉ ደንብ ተሻሽሏል። ያን ጊዜ አማትሽን ይዘሽ ከካቢናቸው እስከ መሰብሰቢያው ቦታ በደረጃው በእግር ሂጂ። ዝቅ ያለና መሐል ያለ ካቢን እዚህም ላይ ይጠቅማል።

ወደ ገንዘቡና ወደ ቪዛው ልምጣ። እዚህ መሐል ከተማ፣ ከስታዲየም እስከ ፒያሳ ያሉት ኤጀንቶች ዋና ሥራቸው የአውሮፕላን ትኬትና ቪዛ ነው። ክሩዝ ብዙ ጊዜ የሚገዙት በሌላ አገር ወኪል በኩል ነው። ይህ በራሱ ክፋት የለውም። ግን ቀብድ ስትከፍዪ የኩባንያውን የቡኪንግ (የቦታ ማስያዣ) ቁጥርና የሁለቱን ካቢኖች ቁጥር በጽሑፍ ተቀበዪ። ከዚያ ራስሽ ኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ገብተሽ ስማችሁ መውጣቱን አረጋግጪ። ዋጋውን በዶላር አስጽፊ፤ ቀሪው በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚሰላም ጠይቂ። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚመነዘር፣ ዛሬ በብር የተነገረሽ ዋጋ ቀሪውን በምትከፍዪበት ወር ሌላ ሊሆን ይችላል። ቀሪው ክፍያ ብዙውን ጊዜ ከጉዞው ሁለት ሦስት ወር በፊት ይጠናቀቃል። ከዚያ በኋላ ብትሰርዙ የሚመለስላችሁ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። የወደብ ክፍያና በየቀኑ በነፍስ ወከፍ የሚቆረጠው የአገልግሎት ጉርሻ ዋጋው ውስጥ መግባቱንም ጠይቂ፤ ለአምስት ሰው ሲባዛ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ቪዛው ከሁሉም ይበልጣል። መርከቡ ከዱባይ ወጥቶ ዶሃ ወይም ሙስካት ደርሶ ሲመለስ፣ እናንተም ከኤምሬትስ ወጥታችሁ እንደገና መግባታችሁ ነው። ስለዚህ የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ አይበቃም፤ መልቲፕል የሚባለው፣ ደጋግሞ የሚያስገባው ቪዛ ያስፈልጋል። ገበያ ለመሄድ የለመድነው ቪዛ እንዳያሳስትሽ። ለየወደቡ አገር ምን እንደሚጠየቅ ከኩባንያው በጽሑፍ ይምጣልሽ፤ ለአንዱ ወደብ ወረቀት ከጎደለ መርከቡ ላይ መሳፈር ራሱ ሊከለከል ይችላል። የፓስፖርታችሁ ዕድሜ ከመመለሻችሁ በኋላም ከ6 ወር በላይ ይሁን። ቢጫ ካርዳችሁንም ያዙ።

ጥርን መምረጥሽን ወድጄዋለሁ። ከዱባይ የሚነሱት መርከቦች ወቅታቸው በግምት ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ልጆች ሲያርፉ እዚያ ሙቀቱ አይቻልም። ገና አልፏል፣ ዐቢይ ጾም አልገባም። ለረቡዕና ለዓርብም ቢሆን የጾም ምግብ አይጠፋም፤ ሲመዘገቡ ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ የሌለበት ብላችሁ አስጽፉ። በረራው ወደ 4 ሰዓት ቢሆንም፣ መርከቡ በሚነሳበት ቀን ከአዲስ አበባ አትነሱ። አንድ ቀን ቀድማችሁ ዱባይ እደሩ። አውሮፕላን ቢዘገይ መርከቡ አይጠብቅም።

ጧፍ፣ ዕጣን፣ የቡና ምድጃና ካውያ ካቢን ውስጥ አይፈቀድም፤ ሲሳፈሩ ፈትሸው ይይዙታል። ለአማትሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ እዚያ ደርሰው እንዳያዝኑ። መርከቡ ላይ በጥሬ ገንዘብ አይገዛም፤ ሁሉም በካቢን ካርድ ተመዝግቦ መጨረሻ ላይ ይከፈላል። ዓለም አቀፍ ካርድ ከሌላችሁ እንግዳ መቀበያው ጋ ጥሬ ዶላር ማስያዝ ይቻላል። የጉዞ ዶላሩን ባንክ ስትጠይቂ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዘሽ ሂጂ።

አማትሽ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የሐኪም ማዘዣውን ያዙ፤ እንደ ትራማዶልና ኮዴይን ያሉት የሕመም ማስታገሻዎች ኤምሬትስ ውስጥ ጥብቅ ቁጥጥር አለባቸው፣ ቀድሞ ፈቃድ ይጠየቅባቸዋል። ሻንጣችሁን ወደብ ላይ ተረክበው ካቢን በር ላይ የሚያደርሱት አመሻሽ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ፣ ፓስፖርቶቹና የትንሹ ልጅ ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳ ይሁኑ።