በሽታው ከበረት መጣ፣ ልቡ ላይ ደረሰ፦ አሠሪው ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ኮምቦልቻ አቅራቢያ በሚገኝ የፍየልና የበግ እርባታ 4 ዓመት ሠርቷል። ፍየሎቹን ያዋልዳል፣ የጨነገፈውን ያነሳል፣ በረት ይጠርጋል። በጥቅምት ትኩሳት ጀመረው። ሌሊት አንሶላው እስኪረጥብ ያልበው ነበር። ታይፎይድ ነው ተብሎ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ወሰደ። ከታኅሣሥ 1 ጀምሮ ሥራ መሄድ አቃተው። በጥር ደሴ ሲመረመር ብሩሴሎሲስ የሚባል ከእንስሳት የሚይዝ በሽታ እንደሆነና የልቡን ቫልቭ እንደጎዳው ተነገረን። አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል ተብሏል። ደመወዙ 6,000 ብር ነው። አሠሪው አንድ ወር ሙሉ፣ ሁለት ወር ግማሽ ከፍሎ አቆመ። «የአገሩ በሽታ ነው፣ ጥሬ ወተት የማይጠጣ ወሎዬ አለ እንዴ? ልቡ ደግሞ የራሱ ጣጣ ነው» ይላል። አሁን 40,000 ብር ልስጣችሁና «ምንም ጥያቄ የለኝም» ብሎ ይፈርም እያለን ነው። እንፈርም ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ አይፈርሙ። እግዜር ምሕረቱን ያውርድለት፤ እርስዎም በርቱ። ለምን አይፈርሙ እንደምል ልንገርዎ።

አሠሪው ያደረገው ነገር ከላይ ሲታይ ሕግ ያከበረ ይመስላል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ያለ ክፍያ፤ ይሄ የተራ ሕመም ፈቃድ ስሌት ነው። ጉንፋን የያዘው ወይም እቤቱ ወድቆ እግሩ የተሰበረ ሠራተኛ የሚስተናገድበት ነው። የባለቤትዎ ጉዳይ ግን ሌላ መዝገብ ውስጥ ነው የሚገባው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን በሥራ ላይ ከሚደርስ ጉዳት ይቆጥረዋል። በሽታው ከሥራው ዓይነት ወይም ሠራተኛው ከሚሠራበት አካባቢ የመጣ ከሆነ፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው።

«የአገሩ በሽታ ነው» የሚለው ነገር ዝም ብሎ የተወረወረ አይመስለኝም፤ ሕግ የሚያውቅ ሰው ሹክ ብሎታል። አዋጁ በአካባቢው የሚገኝ ነዋሪ ወይም ወረርሽኝ በሽታ፣ ሠራተኛው ሥራው ያንኑ በሽታ መዋጋት ካልሆነ በቀር፣ የሥራ በሽታ አይባልም ይላል። ክርክሩ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። የኔ ንባብ ይሄ ነው፦ ሕጉ ያስቀረው ሰው ሠራም አልሠራም በዚያ አገር በመኖሩ ብቻ የሚይዘውን በሽታ ነው። የብሩሴሎሲስ ባክቴሪያ ፍየል ሲጨነግፍ በሚወጣው ጽንስ፣ በእንግዴ ልጁና በሽርት ውሃው ውስጥ በብዛት ይገኛል። በተቧጨረ እጅ ይገባል፣ በትንፋሽም ይገባል። ባለቤትዎ ደመወዝ የሚከፈለው ይሄንኑ በእጁ እንዲያነሳ ነበር። የዓለም የሥራ ድርጅትም በ2010 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው የሥራ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ብሩሴሎሲስን በስሙ አስፍሮታል። ዳኛው ፊት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ወተቱን በተመለከተ ግን እውነቱን ተናገሩ። ጥሬ ወተት ጠጥቶ ከሆነ ጠጥቷል ይበል። መካድ ሌላውንም ቃሉን ያስጠረጥርበታል። ይልቅ እርስዎም ልጆቹም ተመርመሩ። አንደኛ ለጤናችሁ። ሁለተኛ፣ አንድ ወተት የጠጣ ቤተሰብ በሙሉ ነፃ ሆኖ እሱ ብቻ ከታመመ፣ ያ የምርመራ ወረቀት ለአሠሪው ጥሩ መልስ ነው።

«ልቡ የራሱ ነው» ለሚለው የሚያስፈልገው የሐኪም ቃል ነው። ባክቴሪያው በደም ተጉዞ ቫልቭ ላይ ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚያጠቃው ከልብ ወደ ትልቁ የደም ሥር የሚያስወጣውን ቫልቭ ነው። ይሄ ጥቂት በሽተኞችን ብቻ ነው የሚያጋጥመው፤ ግን ብሩሴሎሲስ ሰው ሲገድል በአብዛኛው በዚህ በኩል ነው። ስለዚህ ልቡ የዚያው በሽታ ቀጣይ እንጂ ሌላ በሽታ አይደለም። የሕክምና ማስረጃው ግን ይሄን ቁልጭ አድርጎ መጻፍ አለበት። «የልብ ሕመም አለበት» የምትል ወረቀት ታጣላችኋለች እንጂ አትጠቅማችሁም። ሐኪሙን ሦስት ነገር እንዲጽፍ ይለምኑት፦ በደም ምርመራው የተገኘውን፣ የቫልቩ ጉዳት ከዚያ መምጣቱን፣ የሥራውንም ዓይነት። የልብ አልትራሳውንዱን ውጤት ኮፒ ያስቀሩ። የታይፎይድ ማዘዣዎቹንም አይጣሉ፤ ትኩሳቱ ሥራ ላይ እያለ መጀመሩን ያሳያሉ።

ስልኩንም ያገላብጡ። በረት ውስጥ የተነሳው ፎቶ አይጠፋም። ግልገል በባዶ እጁ ሲያወጣ የሚታይበት አንድ ፎቶ ከሦስት ምስክር ይበልጣል። ጓንት መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነበር። ሰጥቶ፣ መመሪያም አውጥቶ እሱ እምቢ ብሎ ከሆነ ግን አሠሪው ይሄን እንደ መከላከያ ያነሳዋል፤ ከወዲሁ ይንገሩኝ። ጓንት ጭራሽ ካልነበረ ደግሞ የአሠሪውን ጥፋት መሠረት አድርጎ ተጨማሪ ካሣ የመጠየቅ በር ይከፈታል። ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያም ያመልክቱ፤ ፍየሎቹ ሳይሸጡ ደማቸው ይመርመር።

አሁን ወደ ብሩ። በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 ከመቶ ያላነሰ፣ ለተከታዮቹ 6 ወራት ከ50 ከመቶ ያላነሰ ያገኛል። በ6,000 ብር ሲሰላ 18,000፣ 13,500 እና 18,000፤ ድምሩ 49,500 ብር። አሠሪው እስካሁን የሰጣችሁ 12,000 ነው። 12 ወሩን ካልሠራ የሚቀረው 37,500 ነው ማለት ነው። «40,000 ልስጣችሁ» የሚለው ሰው፣ ከዚህ ላይ 2,500 ብር ጨምሮ ቀዶ ሕክምናውን፣ መድኃኒቱንና የወደፊቱን ሁሉ ሊገዛችሁ ነው። የልዩ ሕክምናና የቀዶ ሕክምና ወጪ ደግሞ በሕጉ የአሠሪው ነው። ዘላቂ ጉዳት ከደረሰበት የሕክምና ቦርድ መጠኑን በመቶኛ ይወስናል። ከደመወዙ 7 ከመቶ ለጡረታ ሲቆረጥ ከነበረ፣ አሠሪውም 11 ከመቶ መጨመር ነበረበት፤ የጉዳት ጡረታው ወይም ዳረጎቱ (በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ክፍያ) የሚጠየቀው በዚያ በኩል ነው። ገቢ መደረጉን ዛሬ ነገ ሳይሉ ያጣሩ።

አሠሪው ይፈረም የሚለው ወረቀት «በስምምነት ሥራ ለቅቄያለሁ» የሚል ከሆነ፣ ሠራተኛ በሕግ ያገኘውን መብት በእንዲህ ዓይነት ስምምነት ቢተው ሕጉ አይቀበለውም። ቢሆንም ፈርሞ መከራከርና ሳይፈርሙ መከራከር አንድ አይደለም።

ይርጋው፣ ማለትም ክስ ሳይቀርብ ካለፈ መብቱ የሚቀርበት ጊዜ፣ 1 ዓመት ነው። ጉዳቱ እንደደረሰ የሚቆጠረው መሥራት ካቃተው ወይም በሽታው መጀመሪያ በምርመራ ከታወቀበት ቀን ነው። እኔ ብሆን በጥር አልተማመንም፤ ከታኅሣሥ 1 እቆጥራለሁ። በቃል መደራደር ይርጋውን አያቆመውም። መጀመሪያ ለአሠሪው በጽሑፍ ያስታውቁ፣ ኮፒው ላይ ያስፈርሙ። ለሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቱ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪም ያመልክቱ። ካልሆነ የሥራ ክርክር ችሎት፤ አዋጁ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያዛል።

መድኃኒቱን ትኩሳቱ በረደ ብሎ እንዳያቆም። ይሄ በሽታ ተመልሶ ይመጣል፤ ልብ ከነካ ደግሞ ሕክምናው ወራት ይፈጃል። አብረውት በረት የሚሠሩትንም ልጆች ይጠይቁልኝ። ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት የሚውጥ ካለ፣ በረት ውስጥ እንደሚሠራ ለሐኪሙ ይንገር።