ያረጀ ኮምፒውተር ለልጆች፦ የዛሬ ማታ ጥያቄና መልስ

ጠጋኙ፦ እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ጉዳያችን አንድ ነው፤ ቤት ጥግ ላይ አቧራ የለበሰውን ኮምፒውተር ለልጆች መማሪያና መጫወቻ ማድረግ። ስትጠይቁ ፕሮሰሰሩን (የኮምፒውተሩን አንጎል)፣ ራሙን (ጊዜያዊ ማስታወሻውን) እና የልጁን ዕድሜ ጻፉልኝ። ደግሞ አደራ፣ ፎርማት ከማድረጋችሁ (ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ከማጥፋታችሁ) በፊት ፎቶና ሰነዳችሁን ገልብጡ።

የአዳማዋ እናት፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ፕሮሰሰሩ ኮር ቱ ዱዎ የሆነ ዴስክቶፕ ነው፣ ራም 2 ጊጋ፣ ዊንዶውስ 7። ልጄ 6 ዓመቷ ነው። ለመከፈት አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ይጣል?

ጠጋኙ፦ እንዳይጥሉት እህቴ! ኮር ቱ ዱዎ 64 ቢት ስለሆነ (የአሁኖቹን ፕሮግራሞች ስለሚቀበል) ገና ብዙ ያገለግላል። የሚያዘገየው አሮጌው ሃርድ ዲስክ ነው። አነስተኛ ኤስኤስዲ (ፈጣኑን የዲስክ ዓይነት) ያስገቡለት፣ ራሙን 4 ጊጋ ያድርጉት፣ ከዚያ በዊንዶውስ ቦታ የሚሠራው ነፃው ሊኑክስ ሚንት ይጫንበት፤ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀላሉን ዓይነት ይምረጡ። ዊንዶውስ 7 ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የደኅንነት ማሻሻያ አይደርሰውም።

ለስድስት ዓመት ልጅ መጀመሪያ ጂኮምፕሪን ይጫኑ። ስሙ ሲጠራ በፈረንሳይኛ «ገባኝ» እንደማለት ነው። ከ2 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራ ሲሆን ከመቶ በላይ ጨዋታዎች አሉት፤ ማውስ መያዝ፣ መቁጠር፣ ሰዓት ማንበብ፣ ቼዝ ሳይቀር። ለሥዕል ተክስ ፔይንት፣ ለሒሳብ ተክስ ማዝ አለ። ሁሉም ነፃ ናቸው፣ ማስታወቂያም የላቸውም። አንዴ ከተጫኑ ኢንተርኔት አይፈልጉም። ለመጫኛው ጊዜ ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝተው ዳታውን ቢያጋሩት ይበቃል።

የደሴው፦ የእኔ ኮምፒውተር ይቆማል። ምን ላድርግ?

ጠጋኙ፦ ሲበራ ነው የሚቆመው? ጌም ላይ? ሲግል? ራሙስ ስንት ነው? ወንድሜ፣ ከላይ የጠየቅኳቸውን ጽፈህ ተመለስ።

ዳላስ ያለሁት፦ ሁለት ዴስክቶፖች ለእህቴ ልጆች ወደ አዲስ አበባ ልልክ ነው። እዚህ በደንብ ይሠራሉ። የምጠነቀቀው ነገር አለ?

ጠጋኙ፦ አለ፣ ትልቅ ነገር አለ! አሜሪካ መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። ከጀርባ፣ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ ትንሽ ቀይ ማብሪያ ካለ 115 ወይም 230 ይላል። 115 ላይ እንዳለ እዚህ ሲሰካ ፓወር ሰፕላዩ (ለማሽኑ መብራት የሚሰጠው ሳጥን) ይፈነዳል። ከዳያስፖራ የመጡ ስንት ደህና ማሽኖች በዚህ ብቻ ተቃጥለው እጄ ገብተዋል፤ አንጀቴን ያሳርረኛል። ቀይ ማብሪያው ከሌለ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ «100–240» ካለ ችግር የለም። የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። 115 ብቻ ካለ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል።

መምህሩ፦ ሊኑክስ ለልጆቻችን ምን ይጠቅማል? ትምህርት ቤት ያለው ዊንዶውስ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው። የለመዱት ሌላ፣ የሚፈተኑበት ሌላ ሊሆን ነው።

የናዝሬቱ፦ ቲቸር፣ ማውስ ማውስ ነው። ፈተና ላይ የሚያስጨንቃቸው ማውስና ኪቦርድ አለመልመዳቸው ነው።

መምህሩ፦ እኔ ያየሁት ተማሪ «ስታርት» የሚለውን ፍለጋ ሲደናበር ነው።

የደሴው፦ ታብሌት ገዝቶ መገላገል አይሻልም?

የናዝሬቱ፦ ታብሌት ላይ ልጅ ቪዲዮ ያያል እንጂ ምን ይሠራል?

ጠጋኙ፦ መምህር፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ግን ዊንዶውስ 10 እንኳ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ቆሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ እነዚህን ማሽኖች አይቀበልም። ያለን ምርጫ ሊኑክስ ወይም ቆሻሻ መጣያ ነው። የታብሌቱን ክርክር ሌላ ቀን። የደሴው፣ ራምህን አሁንም አልነገርከኝም።

ባህር ዳር፦ በሊኑክስ አማርኛ መጻፍ ይቻላል?

ጠጋኙ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ይቻላል። አይባስ የሚባለውን የመጻፊያ መሣሪያ ከኤም17ኤን (የብዙ ቋንቋዎች አጻጻፍ ስብስብ) ጋር ጫን፣ ከዝርዝሩ አማርኛን ምረጥ። ለፊደል ቅርጹ አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ጨምር። ከዚያ ልጅህን አጠገብህ አስቀምጠው። የላቲኑን ኤል ብቻ ሲጫን «ል» ይመጣል። አናባቢ ሲጨምርበት «ለ»፣ «ሉ»፣ «ሊ» እያለ ይቀየራል። ሺፍት ይዞ ቲን ሲጫን «ት» የነበረው «ጥ» ይሆናል። የፊደል ገበታው ላይ ሰባት ሰባቱን በቃሉ የሸመደደ ልጅ፣ እያንዳንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢ መሆኑን በጣቱ ያየዋል። ሳድስ ለምን እንደሚለይ ያኔ ይገባዋል። የእኔ ልጅ ንባቡ የተፈታው በዚህ ነው፤ በየማታው የአያቱን ተረት አንድ አንድ ገጽ እየጻፈ። ለውጭ አገር ልጆችም ይኸው ነው፤ የሚያውቁት የላቲን ኪቦርድ ወደ ፊደላቸው ያደርሳቸዋል።

ከፍ ላሉት ስክራች አለ፤ የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ የሠራው የፕሮግራም መማሪያ ነው፣ ትእዛዞቹ በአማርኛም ይገኛሉ። ኪዊክስ ደግሞ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል።

መቀሌ፦ ፔንቲየም 4፣ ራም 512 ሜጋ። ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል። ድረ ገጾችም «አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም።

ጠጋኙ፦ ሁለቱም አንድ በሽታ ናቸው። ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፤ ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት። ቀኑ ሲሳሳት የድረ ገጾቹ ምስክር ወረቀት (የደኅንነት ማረጋገጫ) ጊዜው ገና ያልደረሰ ይመስለዋል፤ ስለዚህ አይከፍትም። ቀይራት። ለፔንቲየም 4 አንቲኤክስ የሚባለውን ቀላል ሊኑክስ፣ የ32 ቢቱን ጫን፤ ተክስ ፔይንት ይሄዳል፣ ከባድ ነገር አትጠብቅ።

ወልቂጤ፦ ጂቲኤ 5 የሚባለው ጌም ይሠራል?

ጠጋኙ፦ አይሠራም። ለልጅም አይሆንም።

የደሴው፦ ራም 1 ጊጋ። ሲበራ ሦስት ጊዜ ጢ ጢ ብሎ ይቆማል።

ጠጋኙ፦ አየህ፣ ይህን ከመጀመሪያው ብትነግረኝ! ብዙውን ጊዜ ራም ነው። ገመዱን ከሶኬት ንቀል፣ ራሙን አውጣ፣ ወርቃማውን ጠርዝ በላጲስ ፈግፍገህ መልሰህ ክተት። ፓወር ሰፕላዩን ግን ተነቅሎም ቢሆን እንዳትከፍት፤ ውስጡ የተጠራቀመ ኮረንቲ ይይዛል። ያበጠ የላፕቶፕ ባትሪ ያላችሁም አትጠቀሙበት፣ ልጅ አጠገብ አታኑሩት።

የአዳማዋ እናት፦ ጋሼ፣ ፎቶዎቹን ፍላሽ ላይ ገልብጬ ስጨርስ ያንኑ ፍላሽ ለሊኑክስ መጫኛ ልጠቀምበት?

ጠጋኙ፦ ኧረ አይሆንም! መጫኛው ሲዘጋጅ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ሌላ ፍላሽ ይፈልጉ።

ዳላስ ያለሁት፦ አንደኛው ላይ ቀዩን አገኘሁት። 115 ላይ ነው።

ጠጋኙ፦ እዚያ ሆነው አይንኩት፣ ሲሞክሩት ያስፈልግዎታል። ሊታሸግ ሲል ወደ 230 ይግፉት፣ ላዩ ላይ በፕላስተር ይለጥፉበትና «እንዳትነኩት» ብለው በአማርኛ ይጻፉበት። ለእህትዎም ደውለው ይንገሯት።